«ክሬሞና» የሚል የተሰነጠቀ ጊታር፦ ማን ሠራው? ስንት ያወጣል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። በ1968 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ሲማር፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሩሲያዊ መምህር የገዛው ጊታር አለ። በቀዳዳው በኩል ሲታይ ውስጡ ‹ክሬሞና› የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ ‹በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ› ይላል። የቀረውን አይጥ በልቶታል። አጎቴ ‹ክሬሞና የጣሊያን ከተማ ነው፣ የእነ ስትራዲቫሪ አገር ነው፣ ከ150 ሺህ ብር በታች እንዳትሸጪው› ይለኛል። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ‹ተሰንጥቋል፣ 3 ሺህ ብር ልስጥሽ› አለኝ። ፊቱ ላይ ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት፣ እስከ ታችኛው ጠርዝ የሚደርስ ስንጥቅ አለ። ብሪጁ ከኋላው ተነሥቷል። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀዋል፣ ሲጫኗቸው ጣት ይቆርጣሉ። ወንድሜ ባለፈው ዓመት አዲስ የሽቦ ክር አስሮበታል። እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው? አናጺ ጋ ወስጄ ላሠራው ወይስ እንዳለ ልሽጠው?»

ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይቅደም። ይህን ስታነቢ ክሮቹ እንደተወጠሩ ከሆኑ ተነሺና ልቀቂያቸው። ቁልፎቹን ትንሽ ትንሽ፣ ስድስቱንም በየተራ እያዞርሽ፣ ክሮቹ እስኪረግቡ ድረስ። በመቀስ አትቁረጫቸው። ውጥረቱ ባንዴ ሲለቅ የተነሣውን ብሪጅ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ጊታሩን እየጎዳው ያለው ዕድሜው አይደለም። እነዚያ የሽቦ ክሮች ናቸው። ምክንያቱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

አጎትሽ የተናገረው ሁሉ ስህተት አይደለም። ክሬሞና በእርግጥ በሰሜን ጣሊያን ያለች ከተማ ናት። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ቫዮሊኖቹን እዚያ ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1737 ሞተ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ስትራዲቫሪ ጊታርም ሠርቷል። ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1679 የተሠራ ነው። ግን እነዚያ ጊታሮች የአንቺን አይመስሉም። አምስት ጥንድ የአንጀት ክር ነበራቸው እንጂ እንደ ዛሬው ስድስት ነጠላ ክር አልነበራቸውም። ደግሞም ወረቀቱ ራሱ ክርክሩን ይዘጋዋል። ቼኮዝሎቫኪያ የምትባል አገር የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በ1737 የሞተ ሰው የዚህችን አገር ስም ሊጽፍ አይችልም።

ያንቺ «ክሬሞና» የከተማ ስም ሳይሆን የድርጅት ስም ነው። በምዕራብ ቼክ፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ ሉቢ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ድሮ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይኖሩባት ስለነበር ሾንባክ ትባል ነበር። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ ቫዮሊን ሠሪዎች የሞሉባት ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ተባረሩ። ብዙዎቹ ሙያቸውን ይዘው ባቫሪያ ውስጥ ቡበንሮይት በምትባል መንደር ሰፈሩ። ሉቢ የቀሩትን ወርክሾፖች መንግሥት ወርሶ በአንድ ድርጅት ሥር ሰበሰባቸው። ለድርጅቱም የጣሊያኗን ከተማ ስም አዋሰው። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አልነበረም። «ስትራዲቫሪየስ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ነገር ግን ስትራዲቫሪ አይቷቸው የማያውቅ የፋብሪካ ቫዮሊኖች ከዚያው አካባቢ በብዛት ወጥተዋል። ስለዚህ መሣሪያ ስትለዪ የወረቀቱን ትልቅ ስም አትመኚ። የአገሩን ስም እመኚ።

የአባትሽ ታሪክ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር በደንብ ይገጥማል። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው። ከዚያ የመጡ መምህራን ባሕር ዳር ኖረዋል። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ የቼክ «ክሬሞና» ጊታር ከአገር ውስጥ ፋብሪካዎቹ ጊታር የተሻለ ተፈላጊ ነበር። ስለዚህ አንድ ሩሲያዊ መምህር የቼክ ጊታር ይዞ ጣና ዳር መገኘቱ ምንም አያስገርምም። እንዲያውም የራሱን ጥሩ ጊታር ይዞ የመጣ ሰው ነው ብዬ አስባለሁ። የሶቪየት ፋብሪካ ጊታር ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ በሩሲያ ፊደል በተጻፈ ነበር። ብዙ ጊዜም አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ በቁልፍ የሚዞር ብሎን ይኖረው ነበር። አንዳንዱም ሰባት ክር አለው። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ቢሆን ደግሞ «ሙሲማ» ወይም «ማርክኖይኪርሽን» የሚል ታገኚ ነበር። በደርግ ዘመን ከእነዚህ አገሮች ጋር ብዙ መመላለስ ስለነበር፣ በአሮጌ ቤቶች ቁም ሣጥን ላይ እንዲህ ያሉ ጊታሮች ዛሬም ይገኛሉ።

ዕድሜውስ? ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ቼኮዝሎቫኪያ ለሁለት የተከፈለችው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስለዚህ «በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ» የሚል ጊታር እስከዚያ ድረስ በማንኛውም ዓመት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ያንቺን ጊታር ወደ ኋላ የሚገፋው አባትሽ የገዛበት ዓመት ነው። በ1968 አሮጌ ሆኖ ከተገዛ ከዚያ በፊት ተሠርቷል። ይህን የሚያጠናክር ነገር ቤት ውስጥ ፈልጊ። ደረሰኝ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግን አባትሽ ጊታሩን ይዞ የተነሣው ፎቶ ሊኖር ይችላል። ከፎቶው ጀርባ ቀን ከተጻፈበት ደግሞ ከማንም ባለሙያ ግምት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ። የላክሽልኝን ፎቶ አይቻለሁ። ብሪጁ ላይ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። ክሩ በቀዳዳው አልፎ፣ ዞሮ በራሱ ላይ ይታሰራል። የጊታሩ ራስ፣ ማለትም ቁልፎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉ። በክፍተቶቹ ውስጥ ወፍራም ነጭ የፕላስቲክ መጠቅለያዎች ይታያሉ። ይህ የናይለን ክር ጊታር መልክ ነው። አንድ ማረጋገጫ ጨምሪ። ከራሱ ሥር ክሮቹ የሚያርፉበትን የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ስፋት በማስመሪያ ለኪ። 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ናይለን ነው። 43 ወይም 44 ከሆነ ለሽቦ ተብሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል መልሰሽ ጠይቂኝ። በምሥራቅ አውሮፓ ክፍት ራስ ኖሯቸው ለሽቦ የተሠሩ ጊታሮችም ነበሩ። እነሱ ግን በአብዛኛው ክሩን የሚይዙት በፒን ወይም ከታች በታሰረ ብረት ነው። ያንቺ ፎቶ ላይ ሁለቱም የሉም።

ልዩነቱ የድምፅ ብቻ አይደለም። ስድስት የናይለን ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ። የተለመዱት የሽቦ ክሮች ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ከግማሽ ኩንታል በታች ለመሸከም የተሠራ ስስ ጣውላ ላይ ሦስት ሩብ ኩንታል ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ያውም ለአንድ ቀን ሳይሆን ለአንድ ዓመት፣ ቀንና ሌሊት። ብሪጁ ከኋላው የተነሣው፣ ፊቱ ከብሪጁ በስተኋላ ያበጠው፣ ክሮቹም ከአንገቱ የራቁት በዚህ ነው። ወንድምሽን አትውቀሺው። ሱቅ ሄዶ «የጊታር ክር» ብሎ ሲጠይቅ የሰጡትን ነው ያሰረው። በየሳምንቱ የማየው ስህተት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከአሮጌነት ይልቅ በሽቦ የተበላሹ የናይለን ጊታሮች ይበዛሉ።

ስንጥቁ ሰዎችን ከሁሉ በላይ ያስደነግጣል። እኔን ግን ከሁሉ ያነሰ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እንዲያውም ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል። በደማቅ ብርሃን የቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከቺ። የፊቱ እንጨት መስመሮች ጠርዙ ላይ ሳይቋረጡ ወደ ውስጥ ከቀጠሉ ፊቱ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጥድ ዘመድ የሆነው ስፕሩስ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ እንጀራ ቁልል የተደራረቡ ስስ ንብርብሮች ካየሽ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጥ እንጨት ሲደርቅ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ግን ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፣ ይነፋል፣ ይቦጫጨቃል። ያንቺ ስንጥቅ ከብሪጁ እስከ ታች ቀጥ ያለ መሆኑ ወጥ እንጨት መሆኑን ያስገምታል። ቢሆንም ጠርዙን ሳታዪ እርግጠኛ አትሁኚ። የዋጋው ትልቁ ክፍል እዚያ ላይ ነው ያለው።

ስንጥቁን የፈጠረው ደግሞ የከተማችን አየር ሳይሆን አይቀርም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ በውሃ የጠገበ ነው። እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሰፋል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል። ጠርዙ በሙጫ ስለተያዘ እንደልቡ መሸብሸብ አይችልም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ይከፈታል። ጊታር የሚስማማው አየር ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ያለው ነው። ይህን ቤት ውስጥ መቆጣጠር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ፣ ከማዕድ ቤትና ከመኪና ውስጥ ማራቅ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው መያዣው ውስጥ አድርጎ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል፣ ምስጥ አለና።

ስለ ነቀዝ አንድ ቃል። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ክብ ቀዳዳዎች ካሉና ሲያራግፉት ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ሕያው ነው። ከሌላ የእንጨት ዕቃ አርቂው።

ከስንጥቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ አንገቱ ነው። ክሮቹ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች 12ኛው) ላይ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደሚርቁ ለኪ ልልሽ ነበር። አሁን ክሮቹን ስላስለቀቅኩሽ ሌላ መንገድ እንሂድ። ረጅም፣ ፍጹም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፍሬቶቹ ላይ ርዝመቱን አስተኚና ጫፉን ወደ ብሪጁ ግፊው። ጫፉ የብሪጁን እንጨት የላይኛውን ፊት ካገኘው ወይም ለጥቂት ካለፈው አንገቱ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ፊቱና ብሪጁ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ማስመሪያው ብሪጁን ከመሐል ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ከገጨው ግን አንገቱ ከመጋጠሚያው ወደ ፊት ዞሯል። ማስመሪያው ከነጭራሹ ፍሬቶቹ ላይ አልተኛ ብሎ መሐል ላይ ክፍተት ካሳየሽ ራሱ አንገቱ ጎብጧል። የመጀመሪያው በቀላሉ ይጠገናል። ሁለተኛው አንገቱን ነቅሎ እንደገና መትከል ይጠይቃል፣ ያ ከባድ ሥራ ነው። ሦስተኛው በአብዛኛው ለእንዲህ ያለ ጊታር ወጪውን አይመልስም።

አናጺ ጋ ልውሰደው ላልሽው አይሆንም። አናጺዎችን ንቄ አይደለም። ዋንዛን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን የቤት ዕቃ የሚጠገነው እንዲጠነክር ነው። ጊታር የሚጠገነው ሳስቶ እንዲንቀጠቀጥ ነው። አንድ ጊዜ ብሪጁ በሁለት ብሎን የተመታ ጊታር ይዘውልኝ መጡ። ብሎኖቹ ፊቱን በስተው፣ ከሥሩ ያለውን ማገር ሰንጥቀው ወጥተዋል። ከላይ ሲታይ የጠነከረ ይመስላል። ድምፁ ግን ሞቷል። ያን ብሪጅ መልሼ ማስነሣት ከመጀመሪያው ጉዳት በላይ ሥራ ሆነብኝ።

ነጩ ኮላም የራሱ ችግር አለው። ለወንበር ጥሩ ነው። የማያቋርጥ ስበት ያለበት ቦታ ላይ ግን ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። አንዴ ከገባ ደግሞ እስከ እንጨቱ ተፍቆ ካልወጣ ሌላ ሙጫ አይዝበትም። ኢፖክሲ የባሰ ነው። ከገባ አይወጣም። የድሮ ሠሪዎች የተጠቀሙት ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚሠራውን ሙጫ ነው። እሱ በሙቀትና በውሃ ይለቃል። ስለዚህ ዛሬ የተጠገነው ነገ በሌላ ባለሙያ እንደገና ሊስተካከል ይችላል። የሚጠግንልሽን ሰው መጀመሪያ «በምን ሙጫ ታጣብቀዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። «በኮላ» ወይም «በሱፐር ግሉ» ካለሽ አመስግነሽ ጊታርሽን ይዘሽ ውጪ።

ትክክለኛው ሥራ ይህን ይመስላል። ብሪጁ ሥር ስስ ወረቀት አስገቢ። እስከ ግማሹ ከገባ፣ ብሪጁ በሙቀት ቀስ ተብሎ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። አሮጌው ሙጫ ይጸዳል፣ ሁለቱም ገጽ ይስተካከላል፣ ከዚያ በሞርሳ ተይዞ ይጣበቃል። ስንጥቁ ከውስጥ በሙጫ ይዘጋል። ከሥሩ፣ መስመራቸው ስንጥቁን አቋርጦ የሚሄድ፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች ይለጠፉበታል። ለዚህ ከተሰበረ ሌላ ጊታር ፊት የተቆረጠ እንጨት የሚስተካከለው የለም። ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበት ሳድል ከጠፋ ወይም ከተበላ የበሬ አጥንት ይበቃል። ተቀቅሎ ጮማው ከወጣለት በኋላ ሞርዶ ሲስተካከል ከፕላስቲክ የተሻለ ይናገራል። በመጨረሻም የናይለን ክር። ቫርኒሹ እንዳለ ይቅር! ተፍቆ አዲስ የተቀባ አሮጌ ጊታር ዕድሜውን የሚመሰክርለትን ነገር አጥቷል። ድምፁም ከአዲሱ ቀለም ክብደት ይታፈናል።

ዋጋውን እንዴት እንደማሰላው ላሳይሽ። ክሬሞና በዓለም ገበያ ሰብሳቢዎች የሚራኮቱበት ስም አይደለም። ጥሩ የሥራ ጊታር ነው፣ በብዛት የተሠራ። ስለዚህ «አሮጌ ነው» የሚለው ብቻውን ዋጋ አይጨምርለትም። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው የለጠፈው ዋጋም መለኪያ አይሆንም። ያ ሻጩ የተመኘው ነው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። የእኔ መነሻ ሱቅ ውስጥ ያለ አዲስ፣ መካከለኛ የናይለን ጊታር ነው። ለስሌት ያህል 20 ሺህ ብር ነው እንበል። አንቺ የዛሬውን ዋጋ ጠይቀሽ ተኪው። ፊቱ ወጥ እንጨት ከሆነና አንገቱ ደህና ከሆነ፣ ከተጠገነ በኋላ ከአዲሱ ጋር እኩል ቢሸጥ ተገቢ ነው። ጥገናው 6 ሺህ ቢፈጅ 14 ሺህ ይቀራል። ገዢው ያልታየ ጉዳት ቢያገኝ ብሎ ከዚያ ላይ ሩቡን ይቀንሳል። ስለዚህ አሁን ባለበት ሁኔታ ወደ 10 ሺህ ብር ይሆናል። ፊቱ ኮምፔንሳቶ ከሆነ መነሻውን በግማሽ አድርጊው። ጥገናው ሲቀነስ 4 ሺህ ብቻ ይተርፋል። አንገቱም ዞሮ ከተገኘ የሚተርፍ ነገር የለም። ያኔ ዋጋው የቁልፎቹና የግድግዳ ጌጥ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ሌባ አይደለም። የከፋውን አስቦ ነው 3 ሺህ ያለሽ። አጎትሽም ሊያታልልሽ አልፈለገም፣ ስሙ አሳስቶታል። ግን 150 ሺህ በየትኛውም ስሌት አይመጣም። ያን ዋጋ ስትጠብቂ ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ሌላ ሁለት ክረምት ያልፍበታል።

ምክሬ ግልጽ ነው። አሁን አትሽጪው። መጀመሪያ የቀዳዳውን ጠርዝና አንገቱን በማስመሪያ አይተሽ ወስኚ። ማስመሪያው ብሪጁን ከላይ ካገኘው፣ ፊቱ ኮምፔንሳቶ ቢሆን እንኳ፣ ብሪጁንና ስንጥቁን ብቻ አሠሪ፣ ናይለን እሰሪበት፣ ወንድምሽ ይጫወትበት። ጥገናው ከአዲስ ጊታር ዋጋ ሲሶውን ካለፈ ግን አቁሚ። አንገቱ ዞሮ ከሆነ ምንም አታውጪበት። ክሮቹን እንዳላሉ ትተሽ፣ አጽድተሽ፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ እንጨቱ ረጋ ሲል፣ ከጥቅምት በኋላ ነው። እስከዚያ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። አይጡ የተረፈውንም እንዳይጨርሰው የቀዳዳውን አፍ በጨርቅ ሸፍኚው። የአባትሽን ፎቶ ካገኘሽ ኮፒውን መያዣው ኪስ ውስጥ ክተቺው።